ጢማሙ እንቁላል የሚጥልበት ቦታ

እሑድ ከሰዓት የዋሸሁት እስከ ሰኞ ጠዋት ድረስ ውሸት አይመስለኝም ነበር። ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ቦታውን ሲጠየቅ ይዋሻል፤ ጠያቂውም እንደሚዋሸው ያውቃል፤ ተሳስቀው ይለያያሉ። በእኛ ዘንድ ይህ ነውር አይደለም፤ እንደ ሰላምታ ያለ ነገር ነው። «የት ያዝከው?» ብዬው እውነቱን የሚነግረኝ ሰው ቢያጋጥመኝ፣ ምን ፈልጎብኝ ነው ብዬ እጠረጥረው ነበር።

ማኅበራችን የሚሰበሰበው በሊቀ መንበራችን፣ በጥርስ ሐኪሙ ክሊኒክ ነው። እሑድ በሽተኛ ስለሌለ ተራ መጠበቂያው ክፍል ለእኛ ይለቀቃል፤ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የበሰበሰ መንጋጋ ሥዕል ሥር፣ እየተንሸራተተ በሚያስቸግረው የፕላስቲክ ወንበር ላይ እንደረደራለን። አሥራ አራት ነን። ሹፌር አለ፣ የሒሳብ መምህር አለ፣ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ አለ፤ እኔ ሊፍት ጠጋኝ ነኝ። በዓሣ የሚተዳደር አንድም ሰው የለም። ቅዳሜን ከቤት የምናመልጥበት ሰበብ ነው ብላ ባለቤቴ የምትናገረው እውነቷን ነው። እኔን «አያርፌ» ይሉኛል፤ ዘንጌን ተክዬ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተነሥቼ ወዲያና ወዲህ ስለምል።

የዚያን ዕለት እንግዳ ነበረችን። ከዓሣ ሀብት ቢሮ የመጣች ባለሙያ ናት፤ ወጣት ናት፤ ጫማዋ ላይ የደረቀ ጭቃ ነበር፤ እሱን አይቼ ወደድኳት። ያረጁ መጽሔቶች የሚቀመጡበትን ጠረጴዛ አጽድታ የሐይቁን ካርታ ዘረጋች።

«ጢማሙ ለምን እየጠፋባችሁ እንደሆነ ታውቃላችሁ?» አለች። ጢማሙ የምንለው አፉ ዳርና ዳር ጢም የመሰለ ነገር ያለውን ዓሣ ነው። እንቁላሉን የሚጥለው ጠጠር ላይ ነው፤ ወንዙ ደግሞ በየዓመቱ ደለል እያመጣ ጠጠሩን ይቀብርበታል። እንቁላሉ ጭቃ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። ቢሮው አንድ ጠፍጣፋ ጀልባ ሙሉ ጠጠር አዘጋጅቷል፤ አንድ ጊዜ ብቻ፤ ቅዳሜ ጠዋት ይደፋል። እኛ ደግሞ ቅርንጫፍ እያሰርን፣ በሲሚንቶ ብሎኬት እያከበድን ዙሪያውን እናሰምጣለን፤ ጫጩቶቹ እንዲሸሸጉበት። «ጉልበቱ የእናንተ፣ ጠጠሩ የእኛ» አለች። እዚህ ድረስ ሁላችንም ደስ ብሎን ጭንቅላታችንን እየነቀነቅን ነበር።

«ግን ዓሣው አዲስ ቦታ አይለምድም» ብላ ቀጠለች። «እስከዛሬ ከሚመጣበት ቦታ ላይ ነው መድፋት ያለብን። በእንቁላል ወቅት ሆዱ የሞላ ዓሣ የምትይዙበትን ምልክት አድርጉልኝ። ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ምልክት የተደረገበት ቦታ ለሦስት ዓመት አይጠመድበትም።»

ከዚያም ለእያንዳንዳችን እርሳስ አደለች። ሰው ሁሉ ተራ በተራ ካርታው ላይ እያጎነበሰ፣ እንደ ፈተና ተማሪ በክንዱ እየሸፈነ ምልክቱን አደረገ። የእኔ ተራ ሲደርስ እጄ በራሱ ሄደ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ከጀልባ መነሻው ጎን፣ ከተቀደደ ነጠላ ጫማ በቀር አንድም ነገር ወጥቶበት የማያውቅ ቦታ ላይ ክብ ሠራሁ። ቀና ስል ፖስተኛውም ሹፌሩም እዚያው አካባቢ ክብ ሠርተዋል። ምንም አልመሰለኝም። ዋናው ቦታዬ ተርፏል።

ሰኞ ጠዋት አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ የሊፍቱ ጣሪያ ላይ ቆሜ ገመድ ስፈትሽ ስልኬ ጮኸ። በማኅበሩ ግሩፕ ባለሙያዋ ጽፋለች። ምስጋናዋን ካዥጎደጎደች በኋላ መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ ካርታው ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ በውሃ ቢሮው ይፈረማል፤ ምልክት የሌለበት የወንዙ መግቢያ በሙሉ አሸዋ ለሚያወጣው ድርጅት ይለቀቃል።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አሸዋ የሚያወጡት በትልቅ መምጠጫ ነው፤ ከሥር ያለውን ሁሉ ሙልጭ አድርገው ነው የሚወስዱት። የእኔ ቦታ የወንዙ መግቢያ ላይ ነው። በገዛ እጄ አስረከብኩት ማለት ነው።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሐሳቤ ሥራው ላይ አልነበረም። ፍሬኑን ሁለት ጊዜ ፈታሁ፤ ሁለት ጊዜ ገጠምኩ። ማክሰኞ አንዲት አሮጊት አራተኛ ፎቅ ላይ ይዟቸው የቆመውን ሊፍት ከፍቼ ሳወጣቸው፣ «ልጄ፣ እኔ ነኝ የታፈንኩት፤ አንተ ምን ሆነህ ነው የሚያልብህ?» አሉኝ።

ቦታው የእኔ ብቻ ቢሆን በዚያው ሰኞ ደውዬ እናገር ነበር። ግን የወንድሜ ነው። ጋሼ በአሥራ አራት ዓመት ይበልጠኛል፤ አባታችን ሲሞት ማተሚያ ቤት እየሠራ ያሳደገኝ እሱ ነው። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ቀዩ ድንጋይ ሥር ወስዶኝ፣ «ይህን ቦታ ለሰው ብትናገር ወንድሜ አይደለህም» አለኝና አስማለኝ። ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው አብረን ሄድን። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ ስትሮክ ቀኝ ጎኑን ያዘው። አሁን የሚኖረው እኛ ቤት፣ በመንገዱ በኩል ባለው ክፍል ነው። ቃል አይጠፋበትም፤ ይዘገይበታል እንጂ። ቅዳሜ ማታ ዘንጌን ሳስቀምጥ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፤ «ያዝክ?» ይለኛል። ከሱ የጤና ዘመን የቀረልኝ ይህ ቦታ ነው። እንዴት አድርጌ ልስጠው?

ማክሰኞ ማታ ነገሩን አነሣሁበት። ካርታውን፣ ጠጠሩን፣ አሸዋውን ሁሉ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና በደህናው እጁ ቁርጥ አድርጎ አየሩን ቆረጠው።

«አትናገር» አለ።

«ጋሼ፣ ካልተናገርኩ እኮ ይጠፋል።»

«አትናገር» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ባለቤቴ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ጓዳ ተከትላኝ ገባችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሁለታችሁም ለዓሣ የምትጠነቀቁትን ያህል ለእኔ ብትጠነቀቁ የት በደረስን» አለችኝ። ቀጥላም ቀልዱን ተወችና፣ «ሄደህ ተናገር። እሳቸው ይቆጣሉ፤ ቁጣ ያልፋል» አለች። ረቡዕን በሙሉ ወዲያና ወዲህ ስል ዋልኩ።

ሐሙስ ጠዋት ፈቃድ ጠይቄ ወደ ዓሣ ሀብት ቢሮ ሄድኩ። የባለሙያዋ ክፍል ጠባብ ናት፤ በር ጀርባ ረጅም ቦት ጫማ፣ ጠረጴዛው ላይ በብልቃጥ የተቀመጠ የዓሣ እንቁላል። ቁጭ ሳልል ጀመርኩ።

«እህቴ፣ እሑድ ያደረግኩት ምልክት ልክ አይደለም። የሌሎቹን አላውቅም፤ የእኔ ግን ልክ አይደለም።»

አልተቆጣችም። መሳቢያዋን ከፍታ አንድ ወረቀት አወጣችና ስሜን ከሌሎች ስሞች ሥር ጻፈች። «ከማኅበራችሁ ዘጠነኛው ነዎት» አለች። «ሁሉም ብቻቸውን ነው የመጡት። ሁሉም ‹የእኔ ብቻ ነው የተሳሳተው› ነው የሚሉኝ። ሊቀ መንበራችሁ ሰኞ በር ሳይከፈት ነው የደረሱት።»

ሳቄ አመለጠኝ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ከእኔ በፊት የመጡት ስምንት ሰዎች ያረሙትን ቦታ ሁሉ ወርዳ አይታዋለች፤ በስምንቱም ላይ ጠጠሩ ተቀብሯል፤ የሚድን የለም። የቀረችው የእኔ ናት። «የእርስዎ ካልሆነ ቅዳሜ የት እንደምንደፋ አላውቅም» አለችኝ፤ ድካሟ ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

ቀዩን ድንጋይ ካርታው ላይ አሳየኋትና ከሰዓት በኋላ በቢሮው ትንሽ ጀልባ ወጣን። ቀዩ ድንጋይ ሥር ስንደርስ ሞተሩን አጥፍታ በገመድ የታሰረች ካሜራ አወረደች። ሁለታችንም በስክሪኑ ላይ አጎነበስን። ጭቃ ነው። ጀልባውን በገመድ እየሳብን አሥር እርምጃ ያህል ወዲያ ሄድን፤ ጭቃ። ወዲህ መጣን፤ ጭቃ።

«ሊሆን አይችልም» አልኳት። «አሥራ ሁለት ዓመት እንቁላል የያዘ ዓሣ የያዝኩት እዚህ ነው።»

«ይይዛሉ። ዓሣው እያለፈ ስለሆነ ነው። የሚጥልበት ሌላ ቦታ አለ፤ ሩቅ አይደለም፤ ግን ይህን ሁሉ ውሃ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ፈትሼ አልጨርሰውም።»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው፤ ጀልባው ላይ እንደቆምኩ። ጋሼ በየቅዳሜው እኔን ቀዩ ድንጋይ ላይ ያስቀምጠኝና፣ «እግሬን ላፍታታ» ብሎ ይጠፋ ነበር። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲመለስ የእሱ ዓሣ ሁልጊዜ የእኔ እጥፍ ነበር። እኔ ደግሞ ችሎታው ነው እያልኩ፣ መንጠቆ አስተሳሰሩን ስቀዳ፣ ትሉን እንዴት እንደሚሰካ ስመለከት ኖሬያለሁ። ደሜ ፈላ። እንደዚያን ቀን ሰው የተጫወተብኝ አይመስለኝም።

ቤት ስደርስ ጫማዬን ሳላወልቅ ክፍሉ ገባሁ።

«ጋሼ፣ ቀዩ ድንጋይ ሥር ጭቃ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «አውቃለሁ» አለ።

«አሥራ ሁለት ዓመት ጭቃ ላይ አስቀመጥከኝ?»

«ዓሣ... ይዘሃል።»

«አስምለኸኛል! ለሰው ብናገር ወንድሜ አይደለህም ብለኸኛል! በውሸት ቦታ?»

ያሳደገኝን ሰው እንደዚያ ጮኼበት አላውቅም ነበር፤ ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ። ባለቤቴ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። ባለሙያዋ የሰጠችኝን የካርታውን ቅጂ አውጥቼ ጭኑ ላይ ዘረጋሁለት፤ እርሳሱን አጠገቡ አስቀመጥኩ። ነገ ስድስት ሰዓት እንደሚፈረም፣ ከዚያ በኋላ ጢማሙ ከዚህ ሐይቅ እንደሚያልቅ ነገርኩት።

«ምልክት... ካደረግኩስ?» አለ።

«ጠጠሩ ይደፋል። ለሦስት ዓመት ይዘጋል።»

«ሦስት ዓመት» አለና ካርታውን ሲያይ ቆየ። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ምን እያሰላ እንደሆነ ገባኝና ንዴቴ ከየት መጥቶ የት እንደሄደ እንጃ፣ ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እሱም እርሳሱን በግራ እጁ ያዘና ከቀዩ ድንጋይ ከፍ ብሎ፣ ወንዙ የሚጠማዘዝበት ላይ ትንሽ ክብ ሠራ። ግንባሩን ስሜው ወጣሁና ለባለሙያዋ ደወልኩ።

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ውሃው ላይ ነበርን። ጥርስ ሐኪሙም መኪናውን ይዞ መጥቶ ዳር ቆሞ ይጠብቀናል። ጋሼ ክብ የሠራበት ቦታ ደረስን። ካሜራዋ ወረደች። ጭቃ ነው፤ መሃሉ ላይ አንድ አሮጌ ጎማ ተጋድሟል።

ባለሙያዋ ሰዓቷን አየች። እኔ ጀልባው እስኪናወጥ ድረስ ብድግ ቁጭ አልኩ። አሁንም ለሁለተኛ ጊዜ ዋሸኝ ማለት ነው፤ ከውሃው መሃል ሆኜ፣ በዚያች ሴት ፊት! ስልኬን አውጥቼ ቤት ደወልኩ። ባለቤቴ አነሣች።

«ጋሼን ስጪኝ» አልኳት።

«ለብሰው በር ላይ ተቀምጠዋል» አለች። «ገና ሳይነጋ ነው ጫማዬን እሰሪልኝ ያሉኝ። ኮታቸውንም አልብሻቸዋለሁ። የት ሊሄዱ ነው ብላቸው፣ ‹ይደውላል› ብቻ ነው የሚሉኝ። ምን ልበላቸው?»

ስልኩን ሰጠችው። ትንፋሹን ሰማሁ፤ ቃሉ እስኪመጣለት ጠበቅሁ።

«እኔ ካልመጣሁ» አለ፣ «አይገኝም።»

ልናገረው ያሰብኩትን ስድብ ሁሉ ተውኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሐኪም ቤት ወስጄዋለሁ፤ ፀጉር አስተካካይ ወስጄዋለሁ፤ አንድም ቅዳሜ «ትሄዳለህ?» ብዬው አላውቅም። ይደክመዋል ብዬ ነው። ይደክመዋል ያልኩት እውነት ነው፤ እሱን መሸከሙ እኔን እንዳያደክመኝም ነበር። በየሳምንቱ «ያዝክ?» ሲለኝ ስለ ዓሣው የጠየቀኝ መስሎኝ ነበር። አፈርኩ፤ በጣም አፈርኩ።

ለጥርስ ሐኪሙ ደወልኩለት፤ ጋሼን ሊያመጣ መኪናውን አስነሥቶ ከነፈ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ተመለሰ። ጋሼን ከነወንበሩ፣ በአንዱ በኩል ሐኪሙ፣ በሌላው እኔ ይዘን፣ ውሃ እስከ ጉልበታችን እየገባን ጀልባው ላይ አወጣነው። ከስቷል፤ ሲነሣ የከበደኝ ያን ያህል አልነበረም። ባለሙያዋ የመንሳፈፊያ ጃኬት አለበሰችውና፣ «አባባ፣ ካርታው ይኸው» አለችው።

ካርታውን ዞር ብሎም አላየው። ሁለት ነገር ነበር የሚያየው፤ ከኮረብታው ላይ ያለውን የውሃ ጋንና ከሥሩ ያለውን የትምህርት ቤት ጣሪያ። እጁን ወደ ግራ ሲያወናጭፍ ወደ ግራ ሄድን፤ ወደ ኋላ ሲል ወደ ኋላ ተመለስን። ጋኑ ቀስ በቀስ ከጣሪያው ጀርባ ገባ። ጫፉ ብቻ ሲቀር መዳፉን አነሣ።

«እዚህ» አለ።

ካሜራዋ ወረደች። መጀመሪያ አረንጓዴ ውሃ ነበር፤ ቀጥሎ ወለሉ መጣ። ጠጠር ነው። በዳሩ ደለሉ ገፍቶ ግማሹን ይዞታል፤ መሃሉ ግን ንጹሕ ነው፤ በድንጋዮቹ መሃል የተለጣጠፈ ፈዛዛ ቢጫ ነገር ይታያል። ባለሙያዋ አፏን በእጇ ያዘች። አንድ ጢማም ከጎን መጥቶ በካሜራዋ ፊት አልፎ ሄደ። ጋሼ ስክሪኑን ወደ ፊቱ አቅርባ እንድትይዝለት ነገራትና አፍጥጦ ቀረ። አርባ ዓመት ሙሉ ይህን ቦታ የሚያውቀው ከላይ ብቻ ነበር።

«ይህን ያህል... ነው?» አለ።

«ይህን ያህል ነው፣ አባባ። ቅዳሜ እናሰፋዋለን» አለችውና ቦታውን የሚያመለክተውን ቁጥር መጻፍ ጀመረች።

ለስድስት ሰዓት ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ነበረን። ነገሩ አልቋል፤ መረጋጋት ነበረብኝ፤ እኔ ግን አንዲት ጥያቄ ቀርታኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ለምንድነው ያልነገርከኝ? ለሌላው ይሁን። ለእኔ?»

ወደ እኔ ሊዞር ሞከረ፤ አንገቱ እምቢ ስላለው ዞሬ ፊቱ ተቀመጥኩለት። ቃሉን አንድ በአንድ እያወጣ፣ በየመሃሉ እያረፈ ተናገረ።

«አንተ... አንድ ቦታ አትቀመጥም። ቦታውን... ብሰጥህ ኖሮ... ከእኔ ጋር ትመጣ ነበር?»

እንዴታ ልለው አፌን ከፈትኩ። ያኔ የነበርኩትን አሰብኩ፤ አርባዎቹን ያጋመስኩ፣ ቀኑ የማይበቃኝ፣ የሱን ዝግታ ጥርሴን ነክሼ የምችል ሰው ነበርኩ። እሱን ስጠብቅ የኖርኩት ቦታውን እሱ ብቻ ስለሚያውቀው ነው። ዓይኑ ዓይኔ ላይ ነበር። በዚያ ሳምንት ስንቱን ስንዋሽ ከርመናል፤ ይህችን ግን መዋሸት አቃተኝ።

«አልመጣም ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። ከዚያ ወደ ባለሙያዋ ዞር ለማለት እየሞከረ፣ ጀልባውን ትንሽ ወደ ግራ እንድትመልሰው ነገራት፤ ውሃው እየወሰደን ነበር።